የሳሙኤል የጠዋት ሥራ

ልጆች የሚተኙበትን ክፍል ራሳቸው እንዲያጸዱ ስለ ማስተማር

የሚነበበው ቃል፦ 1ኛ ሳሙኤል 3፥1-18



የሕፃኑን የሳሙኤልን ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። እግዚአብሔር በሌሊት ደጋግሞ እንደ ጠራው፥ እርሱም ዔሊ የጠራው መስሎት ወደ ሽማግሌው እየሮጠ እንደ ሄደ፥ በመጨረሻም እንደ ተነገረው እንደ መለሰ ልጆቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ይናገሩታል። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ በሌሊቱ ላይ አቁመን እንተወዋለን። ቃሉ ግን በ15ኛው ቁጥር ስለ ማግስቱ ጠዋትም አንድ ነገር ይነግረናል፤ ይኸውም ሳሙኤል እስኪነጋ ድረስ ተኝቶ ከቈየ በኋላ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች እንደ ከፈተ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሕፃኑ በዚያች ሌሊት የሰማው ቃል ምን ያህል የከበደ እንደ ነበረ እናስብ። እንደ አባት ያሳደገው ሽማግሌ ቤት እንደሚፈረድበት ተነግሮታል። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ልጅ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ነቢይ ነኝና ደጁን ሌላ ሰው ይክፈተው ቢል፥ ወይም ፍርሃት ይዞት ከመኝታው መነሣት ቢያቅተው ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን እንደ ወትሮው ተነሣ፤ እንደ ወትሮውም ሥራውን ሠራ።

በዚያው ቤት ሌሎች ልጆችም ነበሩ። የቤቱ ወራሾች የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ናቸው። በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው፥ ሥጋውን ከድስቱ አውጥቶ የሚያመጣላቸው ሜንጦ የያዘ ብላቴና ነበራቸው፤ እነርሱ ማዘዝን እንጂ መታዘዝን አላወቁም። አባታቸውም ክፋታቸውን እያወቀ አልከለከላቸውም። መጽሐፍ ስለ ሕፃንነታቸው ምንም አይነግረንምና ከተጻፈው አልፈን እንዴት እንዳደጉ አንናገርም። ይህን ብቻ እናያለን፤ በአንድ ቤት ውስጥ የሐና ልጅ ማልዶ ተነሥቶ ደጅ ይከፍታል፥ የቤቱ ልጆች ግን በሌላ ሰው እጅ ይገለገላሉ። ፍጻሜያቸውንም እናውቃለን።

ይህ የዔሊ ቤት ዛሬ በእኛም ዘንድ አለ ብንል አትዘኑብን። በከተማ ከምንኖር ምእመናን በብዙዎቻችን ቤት ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች። የዘመድ ልጅ ናት እንላለን፤ ወይም እናስተምራታለን ብለን ከእናትዋ ጉያ ወስደናታል። ዕድሜዋ ከልጃችን ዕድሜ ጋር እኩል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ታንሳለች። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ እሳት ታነዳለች፥ ውኃ ትቀዳለች፥ ቤቱን ትጠርጋለች። ልጆቻችን ሲነሡ ብርድ ልብሱን እንደ ተመሰቃቀለ፥ የሌሊት ልብሳቸውንም በወለሉ ላይ እንደ ጣሉት ትተውት ወደ ቁርስ ይቀርባሉ። እርስዋም ከኋላቸው ገብታ ታነሣለች፥ ታጥፋለች፥ ታነጥፋለች። ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፋት ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ማታም ለጸሎት ስንሰበሰብ እርስዋ በጓዳ ሳሕን ስታጥብ የመዝሙራችንን ድምፅ ከሩቅ ትሰማለች።

እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። አንድ ማታ የስምንት ዓመት ልጃችን በአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ልጅቱን በስምዋ ሲጣራ ሰማን። ከማጀት እጅዋን እየጠረገች መጣች። የፈለገው ምን ኖሮአል? ጫማው ከአልጋው ሥር ገብቶበት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ቢዘረጋ ያገኘው ነበር። እርስዋ ተንበርክካ አወጣችለት፤ እርሱም ቀና ብሎ አላያትም። ልንቈጣው ከተነሣን በኋላ አፋችን ተያዘ፤ የተጣራበት ድምፅ የእኛው ድምፅ ነበርና። ቃሉም፥ የቃሉ አወጣጥም፥ ከመልስ በፊት የሚደገመው ጥሪም ሁሉ ከእኛ የተማረው ነበር።

ስለዚህ፥ ተወዳጆች ሆይ፥ ልጆች የሚተኙበትን ክፍል ራሳቸው ያጽዱ ስንል ስለ አቧራና ስለ ጥራጊ ብቻ አንናገርም። ልጃችን ያላነሣውን ሌላ ልጅ ያነሣዋል። ይህን ካላስተማርነው፥ ጎረቤቱን እንደ ራሱ እንዲወድ በሰንበት ያስተማርነውን ቃል በስድስቱ ቀን ጠዋት እያፈረስንበት ነው።

አንዳንዶች፥ «ይህ የባለጠጎች ነገር ነው፤ የእኛ ልጆች ክፍል የሚባል የላቸውም» ይሉ ይሆናል። በደጋው ያለው ገበሬ ወንድማችን ቤቱ አንድ ነው፤ ልጆቹ በመደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው፥ አንዱ ባንዱ ጎን ተጠግቶ ያድራሉ። በከተማ ያለው ተከራይም ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል ይዞ መጋረጃ ጋርዶ ይኖራል። እኛ ግን ክፍል ስንል አራት ግድግዳና ቍልፍ ማለታችን አይደለም። ልጁ ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ፥ ጋቢው የሚታጠፍበት ጥግ፥ ደብተሩን የሚያኖርባት ሣጥን ሁሉ ክፍሉ ነው። እንዲያውም ስፍራው ሲጠብብ ሥርዓቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በሰፊ ቤት የተዝረከረከ ልጅ ራሱን ብቻ ያስቸግራል፥ በጠባብ ቤት የተዝረከረከ ግን ስድስቱን ነፍስ ሁሉ ያስቸግራል። ሱነማዊቱ ሴት ለኤልሳዕ ያዘጋጀችለት ክፍል ትንሽ ሰገነት ነበረች፤ በውስጥዋም አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ ብቻ ነበሩ (2ኛ ነገሥት 4፥10)። ያም የእግዚአብሔርን ሰው ለማሳረፍ በቃ።

አባታችን ማርቲን ሉተር በሳክሶኒ አጥቢያዎች እየዞረ የሕዝቡን አለማወቅ ካየ በኋላ፥ በ1529 በፈረንጆች ዘመን ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ። በዚያ መጽሐፍ የትምህርቱን ክፍል ሁሉ የቤቱ አባወራ ለቤተ ሰቡ በቀላል ቃል እንዲያስተምር አዘዘ፤ ለካህኑ ብቻ አልተወውም። ከዚያም ሰባት ዓመት አስቀድሞ በ1522 ስለ ጋብቻ በጻፈው መጽሐፍ፥ የልጁን ሽንት ጨርቅ የሚያጥብ አባት በሰዎች ዘንድ ቢሳቅበትም እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር በእርሱ ደስ እንደሚለው አስተምሮአል። ይህን የምናነሣው ስለ ሕፃናት ጨርቅ ለመናገር አይደለም። በእምነት ከተሠራ ከቤት ሥራ ሁሉ የተናቀ የለም፤ ወንድ ቢሠራውም አያሳፍረውም።

ይኸውም ሌላ ነገር ያሳስበናል። በአገራችን ወንድ ልጅ መጥረጊያ መያዙ ነውር ነው የሚል ልማድ ገና አልጠፋም። እኅቱ ከእርሱ ሁለት ዓመት እያነሰች አልጋውን ታነጥፍለታለች፤ እርሱ ግን ደጅ ቆሞ ኳስ ይመታል። እናቶች ራሳቸው ይህን ሲያጸኑት እናያለን፤ እናቶችን ለመውቀስ ሳይሆን፥ እኛ አባቶች ዝም ብለን ስላየን ነው የምንናገረው። ጌታችን ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ወንድ አይደለምን?

ይህም ልጅ ሁልጊዜ በእናቱ ቤት አይኖርም። ከጎንደርና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ መተማ፥ ወደ ሑመራ፥ ድንበሩንም ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ ሲወርዱ ኖረዋል። በዚያ በቈላው እርሻ እናት የለችም፤ እኅትም የለችም። በአንድ የሣር ዳስ ውስጥ ብዙዎች ተጨናንቀው ያድራሉ። በዚያ ምድር ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። አጎበሩን ማታ ከፍራሹ ሥር መሸጎጥ፥ ጠዋትም ሳይቀደድ አጥፎ ማኖር፥ የበላበትን ዕቃ ሳያሳድር ማጠብ፥ እነዚህን ሁሉ ሌላ ሰው አይሠራለትም። እናቱ ቤት ሳለ ያልለመደውን እዚያ በትኩሳት ተይዞ ሊማረው ነውን?

ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን፥ በከሰላ ግዛት፥ ኒው ሀልፋ የምትባል ከተማ አለች። ስለ እርስዋ ጥቂት እንናገራለን፤ የእኛም አፈር እስከዚያ ድረስ ደርሶአልና። ግብፃውያን በአስዋን ታላቁን ግድብ ሲሠሩ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ በሱዳን ድንበር የነበረችውን የዋዲ ሀልፋን ከተማና በዓባይ ዳር የነበሩትን የኑቢያውያን መንደሮች የሚያሰጥም ሆነ። ስለዚህ በ1964 በፈረንጆች ዘመን፥ በእኛ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም.፥ ሕዝቡን በባቡር እያጓጓዙ ወደዚህ ሜዳ አመጡት። ከቤታቸው የተነሡት ሰዎች 50,000 ያህል ነበሩ። ኑቢያውያን ቤታቸውን ንጹሕና ያጌጠ አድርገው በመያዝ የታወቁ ሕዝብ ናቸው፤ በግድግዳውና በደጁ ላይ ሴቶቹ ሥዕል ይስሉ፥ ሳሕንም ይለጥፉ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት የአባቶቻቸውን መቃብር ተሰናበቱ። ውኃ ሊገባበት ያለውን ቤታቸውንም ቈልፈው ቍልፉን ይዘው የሄዱ ነበሩ። በኒው ሀልፋ የጠበቃቸው እነርሱ ያልሠሩት፥ በመስመር የተደረደረ አንድ ዓይነት ቤት ነበር፤ መንደሮቹም የሚጠሩት በቍጥር ነበር።

እኛ ስናስበው፥ እነዚህ እናቶች ለልጆቻቸው ከዋዲ ሀልፋ ይዘው ሊሻገሩ የቻሉት ምን ነበር? ግድግዳው ቀርቶአል። የተምሩ ዛፍ ቀርቶአል። በቍጥር በተሰየመ መንደር ውስጥ ያለውን ባዶ ክፍል የራስ ማደሪያ የሚያደርገው እጃቸው የለመደው ሥራ ብቻ ነበር። እኛም ለልጆቻችን ቤት እንሠራለን፥ ቆርቆሮውን እናለብሳለን፥ ምናልባትም እናወርሳቸዋለን። ነገር ግን በየትኛው ከተማ፥ በየትኛው አገር፥ በማን ቤት እንደሚያድሩ አናውቅም።

ለዚያ ሜዳ ውኃ የሚሰጠው በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ነው። አትባራ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ከጎንደር ምድር ይነሣል፤ እኛ ጓንግ የምንለው ነው። ከላስታ ተራሮች የሚወርደው ተከዜም በሱዳን ሰቲት ተብሎ ከግድቡ በላይ ከእርሱ ጋር ይገናኛል። ግድቡ በ1964 ሲፈጸም 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዝ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ወንዞች በየክረምቱ ከደጋችን እየጠረጉ ያወረዱት አፈር በግድቡ ውስጥ ይተኛ ጀመር፤ በጥቂት ዐሥርት ዓመታትም ውስጥ ግማሽ የሚያህለውን ስፍራ ደለል ያዘው። ጠባቂዎቹ ይህን አይተው በጎርፍ ወራት በሮቹን ከፍተው ደለሉን በውኃው ኃይል እያጠቡ ማስወጣትን የየዓመቱ ሥራ አደረጉት። አዲስ የገባው አፈር በዚህ ይወጣ ነበር፤ አስቀድሞ ተከማችቶ የጠነከረው ግን በቀላሉ የሚወጣ አልሆነም።

የልጅም ክፍል እንዲሁ ነው። የአንድ ሌሊት ዝርክርክ ለስድስት ዓመት ልጅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የአንድ ወር ሲሆን ግን በመካከሉ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ከየት እንደሚጀምርም አያውቅም። እኛም ተቈጥተን ወይ እንመታዋለን፥ ወይ ራሳችን ገብተን እናጸዳለን፤ በሁለቱም መንገድ ልጁ የሚማረው የለም። ስለዚህ የቅዳሜ ትልቅ ጽዳት የዕለቱን ትንሽ ጽዳት አይተካም።

እንዴት እናስተምር የሚል ቢኖር፥ እኛ ስተን ከተማርነው እንናገራለን። ልጃችን መጀመሪያ ጊዜ አልጋውን ባነጠፈ ቀን ብርድ ልብሱ ወዲህና ወዲያ ተንጋድዶ ነበር። እርሱ ቆሞ ሲያየን እኛ ሄደን አስተካከልነው። በማግስቱ አላነጠፈም። ለምን እንዳላነጠፈ ብንጠይቀው፥ «እናንተ ታነጥፉታላችሁ» አለን። የልጅ ሥራ በልጅ ልክ ይታይ። ጌታ የሁለቱን ሳንቲም መባ የተቀበለ እንደ ሆነ፥ እኛ የተንጋደደውን ብርድ ልብስ ለምን አንቀበልም? ከሳምንት በኋላ አብረን ሁለቱን ጫፍ ይዘን ስናሳየው ግን ደስ ብሎት ተማረ።

በቃል አዝዞ መሄድ አይበቃም፤ «ክፍልህን አጽዳ» የሚለው ትእዛዝ ለሕፃን ጆሮ እንደ ባሕር ሰፊ ነው። ልብሱ ከወለሉ ይነሣ፤ የቆሸሸው ወደ ቅርጫት፥ ንጹሑ ወደ ሣጥን ይግባ፤ አልጋው ይነጠፍ፤ መስኮቱ ይከፈት፤ ከዚያ በኋላ ወለሉ ከጥግ ጀምሮ ወደ ደጁ ይጠረግ። ይህን ጥቂት ቀን ከእርሱ ጋር ጎንበስ ብለን እንሥራ። ቁመቱ የሚመጥን አጭር መጥረጊያም ይኑረው። ወለሉ በእበት የሚለቀለቅ ከሆነ አስቀድሞ ውኃ ርጭት ማድረግን ይማር፥ አቧራው በተኙት ላይ እንዳይነሣ።

ሥራውን ቅጣት አናድርገው። ጥፋት ያጠፋን ልጅ «ሂድና ጥረግ» ካልነው፥ መጥረጊያ የጥፋተኛ ዕቃ እንደ ሆነ አስተማርነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜም በቤታችን ያለችው ልጅ ዕለት ዕለት ስትጠርግ ምን ብሎ ያስባታል? ገንዘብ ሰጥቶ ማሠራትንም እኛ አንወድም፤ በዚህ ግን የማይስማሙን ደጋግ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ለእርስዋ ለልጅቱ የምንነግራት ቃል ነው። ልጃችን ሥራውን በጀመረ ሰሞን፥ ከዛሬ ጀምሮ የእርሱን አልጋ እንዳትነኪ ብንላት ደነገጠች፤ ያባረርናት መስሎአት ነበር። ማስረዳት አስፈለገን። ከዚያ በኋላ በጠዋት የተረፋትን ጊዜ ለደብተርዋ አደረግንላት፤ ማታም በጸሎት ሰዓት ሳሕኑ ይቈይ ብለን ከልጆቻችን መካከል አስቀመጥናት። ይህን ለመመካት አንጽፈውም፤ ብዙ ዓመት ዘግይተናልና።

ደግሞም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጌታ የተጠረገና ያጌጠ፥ ነገር ግን ባዶ ሆኖ ስለ ተገኘ ቤት ተናግሮአል፤ የኋለኛው ከፊተኛው የከፋ ሆነ (ማቴዎስ 12፥43-45)። ንጹሕ ክፍል ንጹሕ ልብ አይደለም። አልጋው ተነጥፎ፥ ጫማው ተደርድሮ፥ እኅቱን የሚንቅ ልጅ ልናሳድግ እንችላለን። የልጃችንንም መዳን በወለሉ አንመዝንም፤ በጸጋ ብቻ ነውና። ደግሞ በሐዘን ወይም በሕመም ውስጥ ያለ ልጅ ክፍሉን ቢተወው፥ ከመጥረጊያው በፊት ልጁን እንይ።

በትንሣኤው ጠዋት ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቃብሩ በሮጡ ጊዜ፥ በራሱ ላይ የነበረው ጨርቅ ከተልባ እግሩ ልብስ ተለይቶ፥ ለብቻው ተጠቅልሎ በአንድ ስፍራ አገኙት (ዮሐንስ 20፥7)። ስለዚህ ጨርቅ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል፤ እኛ ከእነርሱ የምንጨምረው የለንም። ነገር ግን ሞትን ድል ያደረገበት ስፍራ ተዝረክርኮ እንዳልተገኘ ለልጆቻችን ስንነግራቸው ዐይናቸው ሲበራ አይተናል። ልጃችን በማግስቱ ጠዋት ፎጣውን ጠቅልሎ በትራሱ አጠገብ ለብቻው አኑሮት አገኘነው፤ ምንም አላልነውም።

በ2023 በፈረንጆች ዘመን በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰቦችን ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ግዛት አሳደደ፤ በ2024 ጥቅምትም ከምሥራቅ ጀዚራ መንደሮች የሸሹ ብዙዎች ወደ ኒው ሀልፋ ገቡ። ትምህርት ቤቶች ለስደተኞች መጠለያ ሆኑ፤ ልጆች ይማሩበት በነበረው ክፍል ቤተ ሰቦች ምንጣፍ ዘርግተው አደሩ። ኑቢያውያን ከውኃ ሸሽተው በመጡበት ከተማ እነዚህ ደግሞ ከጦር ሸሽተው ደረሱ። ማታ ልጆቻችን የራሳቸውን አልጋ ሲያነጥፉ እነዚህን ልጆች በጸሎት እንዲያስቡ እናድርጋቸው።

የሳሙኤል አምላክ ሆይ፥ ዛሬ ማደሪያ የሌላቸውን ልጆች አንተ አስጠጋቸው፤ ወደ ቤታቸውም መልሳቸው። በእኛ ቤት ያለችውንም የሰው ልጅ እንደ ራሳችን ልጅ እንድናይ ዐይናችንን ክፈት። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ። አሜን።